የፍልሰታ ብስኩት

አረጋሽ ሱቅ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቀኑ የደረሰ ነው። እንዲህ ሲባል ያስደነግጣል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ጎፋ ያሉ ሱፐርማርኬቶች የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት የቀረውን ፓስታ፣ ዘይት፣ ጁስ፣ ብስኩት መደርደሪያ ላይ ማቆየት አይፈልጉም፤ ደንበኞቻቸው ገልበጥ አድርገው ቀኑን ያዩና መልሰው ያስቀምጡታል። አረጋሽ ያንን በካርቶን በርካሽ ታነሣና ሀና ማርያም ታመጣዋለች። ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ሰማያዊ ኮንቴይነሯ ውስጥ ደርድራ በግማሽ ዋጋ ትሸጠዋለች። ሰፈሩ የጥበቃው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ኪራይ ወገቡን የሰበረው የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ነው። የታሸገ ጁስ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቁ ልጆች በእሷ ጊዜ ቀመሱት።

ሐሳቡ የመጣላት እዚያው ጎፋ ነው። ከዱራሜ መጥታ አንዱ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጽዳት ስትሠራ፣ ደህና ምግብ በማዳበሪያ እየተሞላ ሲጣል እያየች አንጀቷ ያርር ነበር። አንድ ቀን የመጋዘኑን ኃላፊ ክብረትን፣ "ይሄን ከምትጥሉት ምናለ ለእኔ ብትሸጡልኝ?" አለችው። ክብረት ሳቀ፤ ከዚያ አሰበበት፤ ከዚያ ለአለቆቹ ነገረላት። በዚሁ ተጀመረ።

ታዲያ ቀን ላይ ቀልድ አታውቅም። ዕቃው ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ አስልታ በጥቁር ማርከር በትልቁ ትጽፍበታለች። "እስከ ጳጉሜ።" "እስከ መስቀል።" ያለፈበትን ደግሞ ማንም ሳያያት በገዛ እጇ ቀድዳ ትጥለዋለች። አንድ ልጅ በእኔ ዕቃ ሆዱን ቢያመው ጌታ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ ትላለች፤ ስትለውም የምሯን ነው።

ሰዉ ግን መጀመሪያ ላይ ምን አደረገ? ሸሻት! "ጊዜው ያለፈበት ልታበላን ነው፤ ጴንጤዋ ልትፈጀን መጣች" እያለ አልፏት ይሄዳል። ካርቶኑ እንደተቆለለ፣ እሷ በሩ ላይ እንደቆመች ቀኑ ይመሻል። ነገሩን የገለበጠችው ውዳሴ ናት።

ውዳሴ የመንዝ ልጅ ናት፤ ከአረጋሽ ጋር አንድ ግቢ ተከራይተው፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ይኖራሉ። ቀን ቀን ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ልብስ ትጠግናለች። ያን ሰሞን አንድ ቀን ሴቶቹ ተሰብስበው ሲያሽሟጥጡ ሰማችና መቀሷን ወርውራ ተነሣች። መንገዱን ተሻግራ ከአረጋሽ መደርደሪያ ላይ አንድ ጁስ አንሥታ፣ ሁሉም እያያት ግጥም አድርጋ ጠጣች። "ነገ መኪናዬ ላይ ካላገኛችሁኝ ቅበሩኝ!" አለች። በነጋታው መኪናዋ ላይ ነበረች። እንዲያውም እየዘፈነች። ሰዉም አንድ ሁለት እያለ መግባት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላማ መጋፋት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ እንደ እህትማማች ሆኑ። አንዷ ሌላዋን ሳትነካካ አትውልም። "ዛሬስ የትኛው ቅዱስ ነው? እናንተ ጋ ሥራ የሚሠራበት ቀን አለ ግን?" ትላለች አረጋሽ። "አንቺ ጴንጤ፣ ዝም ብለሽ ሽጪ። ስትጸልዩ ጣሪያ ልታነሡ አልነበር እንዴ ትናንት?" ትላለች ውዳሴ። ውዳሴ ከአረጋሽ ሱቅ ስትገዛ ቀን አታይም፤ ማርከሩንም አታይም። አረጋሽ ያቀበለቻትን ዘንቢሏ ውስጥ ወርወር አድርጋ ትሄዳለች። ሰው ሲጠይቃት፣ "እኔ ምን አገባኝ፣ አረጋሽ አይታዋለች" ነበር መልሷ።

ነሐሴ ገባ። መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ ጭጋግ፣ ፍልሰታም ተያዘ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው ማለት ይቻላል፤ ሌላውን ጾም የማይሞክሩት ሁሉ ይቺን ካልጾምን ብለው እናቶቻቸውን ያስጨንቃሉ። የውዳሴ ልጅ ጸደንያም ዘንድሮ ስምንት ዓመት ሞላኝ፣ ትልቅ ሰው ነኝ ብላ ተነሣች። እስከ ቅዳሴ ልትጾም፣ በፍልሰታ ቀን ደግሞ ነጭ ለብሳ ልትቆርብ። እናቷ ከደንበኛ ከተረፈ ነጭ ጨርቅ ቀሚስ እየሰፋችላት ነበር፤ ጥልፉ ላይ እንዴት እንደተጨነቀች ብታዩ! ለሙሽራ እንኳን እንዲያ አይሰፋም።

ያን ሰሞን ክብረት ለአረጋሽ ብዙ ካርቶን ብስኩት አወጣላት። ከውጭ የመጣ፣ ሽፋኑ ላይ የስንዴ ዛላ የተሳለበት፣ ጽሑፉ በማታውቀው ቋንቋ የሆነ። አረጋሽ ቀኑን መላልሳ አየችው፤ ጳጉሜን ያልፋል። ከዚያ ሰዉ መጠየቁ አይቀርም ብላ፣ "ለመሆኑ የጾም ነው?" አለችው። ክብረት በስልክ እያወራ ነበር። "ብስኩት አይደል እንዴ! ዱቄትና ስኳር ነው" አላትና ወሬውን ቀጠለ። እሷም ካርቶኗን አሸክማ ወጣች።

እዚህ ላይ እንናደድባት ወይስ እንዘንላት? ለቀን እንዲያ የምትጠነቀቅ ሴት ለዚህ አንድ ጥያቄ አልጨመረችም። ምክንያቱም ውስጧ ውስጥ ነገሩ ምኗም አልነበረም። እሷ ስትጾም ጨርሳ አትበላም፤ ውኃም አትቀምስም፤ ወተት ነው አይደለም የሚለው ለእሷ ሒሳብ አይገባትም። ሆድ የሚያም ነገር እንዳይሸጥ ተጠንቅቃ፣ ሌላ የሚያም ነገር መኖሩን ረሳችው።

ጸደንያ ከቅዳሴ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ሱቁ ነው የምትመጣው። ነጠላዋ ረጥቧል፣ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቷል፣ ዓይኗ በረሃብ ጎድጉዷል፣ ግን ኩራቷ! መስኮቱ ላይ በእግር ጣቷ ትንጠራራና በየቀኑ ያችኑ ጥያቄ ትጠይቃለች።

"እትዬ አረጋሽ፣ የጾም ነው?"

"የጾም ነው የኔ ቆንጆ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አንቺ ልጅ፣ ትናንትም ጠይቀሽኝ የለ እንዴ! የጾም ነው።"

ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ አማትባ፣ ብስኩቱን ከዳር ከዳር እየነከሰች ትበላለች። አረጋሽ ታያታለች። ልጅ አልወለደችምና ይቺን ልጅ ስታይ ሆዷ ይባባል።

የቡሄ ዕለት የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ፣ መሬቱን በዱላቸው እየደበደቡ መጡ። ከኋላቸው ሚሳኤል አለ፤ ቀን ኤሌክትሪክ ይጠግናል፣ ማታ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ልጆቹን እየዞረ የሚጠብቃቸውም እሱ ነው። አረጋሽ በዓሉ የእሷ ባይሆንም የልጆቹ ነገር አይሆንላትም። ዝናቡ ላይ ወጥታ ከስንዴ ዛላው ብስኩት ለእያንዳንዳቸው አደለቻቸው። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። አንዱ ሊቀድደው ሲል ሚሳኤል እጁን ያዘው።

"ቆይ ቆይ፣ እንዳትከፍቱት!" ብሎ አንዱን ተቀበለና ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ከጀርባው ከሌላው ቋንቋ ሥር በደቃቅ ፊደል እንግሊዝኛ አለበት። "እትዬ አረጋሽ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ግን ይሄ ወተት አለበት፤ ይኸው፣ ሚልክ ፓውደር ይላል። ምንም አይደል፣ ጾሙ እስኪፈታ እኔ ጋ ይቀመጥላቸዋል።"

ሰብስቦ በፌስታል ቋጠረውና እየሳቀ፣ እያመሰገነ ሄደ። እሷ ምን ብላ ስትሸጠው እንደሰነበተች አያውቅም።

አረጋሽ ገብታ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። ያችው ብስኩት ካርቶን ላይ! ስንት እናት፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ከቅዳሴ የተመለሰ ሽማግሌ ነው "የጾም ነው?" ብሎ ጠይቋት አፏን ሞልታ አዎ ያለችው? ቀና ስትል ከመንገዱ ማዶ ውዳሴ ላስቲክ ሥር ተቀምጣ ትሰፋለች። ጉልበቷ ላይ ያለው ነጩ ቀሚስ ነው። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሦስት ቀን ቀርቶታል።

መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ምንም ሌላ ነገር አልነበረም።

ተነሣች። በሩ ድረስ ሄደች። ከዚያ ሰዉ የሚለው ሁሉ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት፤ ጴንጤዋ ሆን ብላ ጾማችንን አስገደፈችን፤ ልጆቻችንን ቀስ አድርጋ ወደ ሃይማኖቷ ልትወስድ ነው። ስህተት ነው ብትል ማን ያምናታል? ሱቁ ያልቅለታል፤ እሱ ይቅር፣ ሰፈሩስ ያስቀምጣታል? ደግሞ ለራሷ እንዲህ አለች፤ እግዚአብሔር የብስኩት ዱቄት እየመረመረ ሊቀመጥ ነው? ልጅ ናት፣ ልቧን ያያል። ለራሷ ቢሆን ጥሩ ንግግር ነበር። ጾሙ ግን የእሷ አልነበረም። ተመልሳ ገባችና የቀረውን ካርቶን ከመደርደሪያው ሥር ገፍታ በጆንያ ሸፈነችው።

በነጋታው ጸደንያ መጣች።

"ብስኩቴስ?"

"አለቀ የኔ እናት።"

"ውይ! ሁሉም?"

"ሁሉም። እንኪ፣ ዛሬ ለውዝ ብዪ።" ሁለት እጇን ሞልታ ሰጠቻት፤ ልጅቷ የዘረጋችውን ብር አልተቀበለቻትም። ጸደንያ ገርሟት እያየቻት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ዛሬ የጾም ነው ብላ አልጠየቀችም፤ ለውዝ መሆኑን ታያለቻ።

ማምሻውን ውዳሴ ራሷ መጣች። "አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን በነፃ ማብላት የጀመርሽው ምን ሆነሽ ነው? ሀብታም ሆንሽ እንዴ?" አለች እየሳቀች። አረጋሽ አፏን ከፈተች። ልትነግራት ነበር። በዚህ መሐል ለሰፈሩ አዲስ የሆነች ሴት ዘይት ልትገዛ ገባችና ጠርሙሱን እያገላበጠች፣ "ይሄ ነገር ይታመናል ግን?" አለች። ውዳሴ ቀደመቻት። "እህቴ፣ ዝም ብለሽ ውሰጂ። እኔ ልጄን የማበላው ከዚህ ነው። አረጋሽ አትዋሽም።"

አረጋሽ አፏን ዘጋችው። ሴትዮዋ ዘይቱን ገዝታ ሄደች፤ ውዳሴም ደህና እደሪ ብላት ሄደች።

ፍልሰታ ተፈታ። ጠዋት ጸደንያ ከእናቷ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ነጩ ቀሚስ እንዴት አምሮባታል! አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ የቆረበ ሰው እንደሚሆነው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አረማመዷን አሳምራ፣ የሰጧትን እንዳታፈስ እንደምትጠነቀቅ ዓይነት ነው የምትራመደው። ውዳሴ እንባዋን እየጠረገች፣ "አረጉ፣ ነይ እያት! ልጄ ቆረበች!" አለች። አረጋሽ በሩን ተደግፋ፣ "እንኳን ደስ አላችሁ" አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ትኩስ ድፎ ዳቦ በሳህን ይዛ ሱቅ መጣች።

"እማዬ ናት የላከችልሽ። ግን እኔም ነኝ።" ትንሽ አፈረች። "ብስኩትሽ ባይኖር እኮ አልችለውም ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ልተወው ነበር። እሱን እያሰብኩ ነው የቻልኩት።"

አረጋሽ ሳህኑን ተቀበለች። ዳቦው ይሞቃል። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም፤ ሱቁን ሳትቆልፍ ወጥታ ሄደች።

ውዳሴ ቤቷ ውስጥ ዕቃ ታጣጥባለች። አረጋሽ በሩ ላይ ቆማ ነው የተናገረችው፤ ግቢ ሳትባል፣ ሳትቀመጥ።

"ውዳሴ፣ ብስኩቱ ወተት ነበረበት።"

"የቱ ብስኩት?"

"ጸደንያ ስትበላ የሰነበተችው።"

ውዳሴ ሳቀች። "አንቺ ጴንጤ፣ በዚህስ አትቀልጂብኝ።" ከዚያ ዘወር ብላ ፊቷን አየችው። እጇን ከውኃው አወጣች። "አላወቅሽም ነበር" አለች። መጠየቋ አልነበረም፤ ልታግዛት ነው።

"ስሸጥላት አላወቅሁም። ማርያምን ብዬ ልምልልሽ አልችልም እንጂ እውነቴን ነው።"

"እና ዛሬ ነው ያወቅሽው?"

በሩ ተከፍቶላት ነበር። አዎ ብትል ያበቃል፤ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ነገ ይስቁበታል። አረጋሽ ግን ከዚህ በላይ መዋሸት አቃታት።

"የቡሄ ዕለት" አለች።

ውዳሴ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። "የቡሄ ዕለት" አለች ለራሷ። "ለውዙን ስትሰጫት ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

"ማታ ስመጣም። ለዚያች ሴትዮ ያንን ስላት።"

"አዎ።"

"ያኔ ብትነግሪኝ እኮ ምንም አልነበረም።" ድምፅዋ ቁጣ ቢሆን በተሻለ ነበር። "ልጅ ናት፣ ሳታውቅ ነው። ለንስሐ አባቴ እነግራቸው ነበር፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ ይሏት ነበር፤ ተፈትታ ትቆርብ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነበር። አሁን ግን እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። እኔ እናቷ።"

"ሰዉ ሆን ብላ ነው ይለኛል ብዬ ፈራሁ።"

"ሰዉ ይበል! ሰዉ የማይለው ምን አለ? እኔስ?" ቀና ብላ አየቻት። "እኔ እላለሁ?"

አረጋሽ ዓይኗን ከእሷ ላይ አነሣች።

"ልጄ እንዳትሰማ" አለች ውዳሴ መጨረሻ ላይ። "ጾምኩ ብላለች፤ ጾማለች። ለማንም አልናገርም፣ ሱቅሽን አይነካብሽም። አሁን ሂጂ አረጋሽ።" አረጉ አላለቻትም።

ቃሏን ጠበቀች። ለሰፈሩ ትንፍሽ አላለችም፤ ሱቁም እንደ ድሮው ሰው ተጋፋበት፤ አዲስ ዓመት ሲመጣ ሰዉ እንቁጣጣሽ እያለ ዘይቱን ከአረጋሽ ሸመተ። የፈራችው ነገር አንዱም አልደረሰባትም። የተደበቀውን ካርቶን ግን፣ ቀኑ ገና ሳያልፍ፣ ቀድዳ ጣለችው።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ በግድግዳው በኩል የምትሰማው ድምፅ አለ። ዱብ ይላል፤ ጸጥ ይላል፤ እንደገና ዱብ ይላል። ጉልበት መሬት ሲነካ ነው። አረጋሽ አልጋዋ ላይ ሆና ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። አንድ ቀን ጸደንያ ሱቁ መስኮት ላይ ተደግፋ እንደ ወሬ ነገረቻት።

"እማዬ ቀኖና አላት። በየቀኑ ትሰግዳለች፤ ጉልበቷ አብጧል። የንስሐ አባታችን በቃሽ፣ ምንም አላጠፋሽም ብለዋት ነበር፤ እሷ ናት ስጡኝ ያለቻቸው። ምን አጥፍታ እንደሆነ እንጃ፣ ለእኔ አልነገረችኝም።"

አረጋሽ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ምንም የምታስተካክለው ነገር ሳይኖር ዕቃ ታስተካክል ጀመር።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ ፀሐይዋ ደምቃ ሳለ ጸደንያ ሮጣ መጣች። ጾመኛነቷ ቀጥሏል፤ ረቡዕና ዓርብንም ይዛለች። መደርደሪያው ላይ አዲስ ብስኩት አይታ በጣቷ ጠቆመች።

"እትዬ አረጋሽ፣ ይሄ የጾም ነው?"

የጾም ነበር። አረጋሽ አሁን ክብረትን አንድ በአንድ ሳታስነብብ ካርቶን አታነሣም። ይሄኛውንም ሁለት ጊዜ አስነብባዋለች። አዎ ልትል ከንፈሯን አላቀቀች፤ ቃሉ ግን አልወጣላት አለ።

"ለእናትሽ አሳዪያት" አለቻት። "እሷ ነው ካለችሽ ነው።"

"አንቺ አታውቂም?"

"አላውቅም የኔ ቆንጆ።"

ልጅቷ ትከሻዋን ነቅንቃ መንገዱን ተሻገረች። ውዳሴ ስፌቷን አቆመች። ብስኩቱን ተቀብላ ገለበጠችው፤ ወደ ፀሐዩ ዘወር አድርጋ፣ ደቃቁን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ቀድዳ ለልጇ ሰጠቻትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ወደ ሱቁ ቀና ብላ አላየችም።